የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ሦስት አዳዲስ ኮራሎች በ80 ሊትር ገንዳ ውስጥ

ጥያቄ፦ የምኖረው ለገጣፎ ነው። 80 ሊትር የሚይዝ የጨዋማ ውሃ አኳሪየም ካቋቋምኩ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኛል፤ በውስጡም ሁለት ክላውን ዓሦችና ጥቂት ለስላሳ ኮራሎች አሉኝ። ባለፈው ኅዳር ዱባይ የምትኖር እህቴ ስትመጣ ሃመር የሚሉትን አንድ ባለ ድንጋይ አጽም ኮራል ይዛልኝ መጣች። የገንዳውን ውሃ ኮራሉ ባለበት ባልዲ ላይ ጠብ ጠብ እያደረግሁ ለሁለት ሰዓት ካለማመድኩት በኋላ ብርሃን እንዲያገኝ ከድንጋዩ አናት ላይ አስቀመጥኩት። በአምስተኛው ቀን ከላይ በኩል መንጣት ጀመረ። ጣቶቹ ለጥቂት ቀናት መውጣታቸውን ባያቋርጡም በሦስተኛው ሳምንት ሞተ። እህቴ አሁን ሦስት ልታመጣልኝ ነው። ስህተቴ የት ላይ ነበር? አዲሶቹንስ እንዴት ላስገባ? — ም.፣ ከለገጣፎ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጥንቃቄ እንዳላጎደሉ ከደብዳቤዎ ይታያል። የሳቱት ጥንቃቄው የሚያስፈልግበትን ቦታ ይመስለኛል፤ ለጠብታው የሰጡትን ሁለት ሰዓት የሚያህል ትኩረት ብርሃኑ፣ የቤቱ ቅዝቃዜና ኮራሉ የተጣበቀበት መሠረት አላገኙም።

ከመንጣቱ እንጀምር። ኮራል ቀለሙንም ሆነ የዕለት ጉርሱን በአብዛኛው የሚያገኘው በሥጋው ውስጥ ከሚኖሩ፣ በዓይን ከማይታዩ አልጌዎች ነው። አልጌዎቹ ብርሃንን ወደ ምግብ ይለውጣሉ፤ ብርሃኑ ከለመዱት በላይ በድንገት ሲበረታ ግን ኮራሉን የሚጎዳ ነገር ማመንጨት ስለሚጀምሩ ኮራሉ ከሥጋው ያስወጣቸዋል። የሚቀረው ሥጋ ብርሃን የሚያሳልፍ በመሆኑ ከሥሩ ያለው ነጭ አጽም ይታያል። ስለዚህ የነጣ ኮራል ተርቧል እንጂ ገና አልሞተም፤ የእርስዎም ኮራል ከነጣ በኋላ ጣቶቹን ሲያወጣ የሰነበተው ለዚህ ነው። ሥጋው ከታች ጀምሮ ከአጽሙ እየተላጠ ቢሆን ኖሮ ሌላ ምክንያት እፈልግ ነበር። መንጣቱ ከላይ መጀመሩ ግን ወደ መብራቱ ያመለክታል። በጨለማ ከረጢት ረጅም መንገድ የተጓዘ እንስሳ በደረሰ ዕለት ከመብራቱ ሥር መቀመጥ አልነበረበትም።

ሁለተኛው ነገር ኅዳር መሆኑ ነው። በለገጣፎ የኅዳር ምሽት እንዴት እንደሚቀዘቅዝ እርስዎ ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። ጠብታው የሚወርድበት ባልዲ ሴራሚክ ወለል ላይ ሁለት ሰዓት ሲቀመጥ በውስጡ ያለው ጥቂት ውሃ ወደ ክፍሉ ሙቀት፣ ምናልባትም ወደ 17 ወይም 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይወርዳል። ከዚያ በቀጥታ 25 ዲግሪ ወዳለው ገንዳ ገባ ማለት ነው። ማላመድ ብለን የሠራነው ሥራ ራሱ ሌላ ድንጋጤ ፈጠረ። በዚያ ላይ ብዙ ሰዓት ተዘግቶ በቆየ ከረጢት ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተከማችቶ የውሃው ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ) ስለሚወርድ፣ ከቆሻሻው የሚመነጨው አሞኒያ ብዙም መርዛማ ባልሆነው ጠባዩ ይቆያል፤ ከረጢቱ ተከፍቶ አየር ሲያገኝና ፒኤቹ ሲወጣ ግን ያው አሞኒያ ወደ መርዛማነቱ ይመለሳል። ኮራል እንደ ዓሣ ብዙ አሞኒያ ባያመነጭም በጉዞ የቆሰለ ከሆነ በዚያ ውሃ ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ ማራዘም ጥቅም የለውም።

አዲሶቹ ሲደርሱ ከረጢቶቹን ሳይከፍቱ ገንዳው ላይ ለ20 ደቂቃ ያንሳፍፏቸው። ከዚያ አንዱን ከፍተው የጨውን መጠን በሪፍራክቶሜትር ይለኩ። የእርስዎ ገንዳ 1.025 አካባቢ ሆኖ የከረጢቱ ውሃ ከዚያ እስከ 0.002 ብቻ ቢለይ ጠብታ አያስፈልግም፤ ልዩነቱ ከሰፋ ግን ባልዲውን ወለል ላይ ሳይሆን ሙቀቱን በሚጠብቅ ቦታ አድርገው በግማሽ ሰዓት ይጨርሱ። የከረጢቱን ውሃ ወደ ገንዳው አያፍስሱ።

አሁን ብዙ ሰው ችላ ወደሚለው ወደ መሠረቱ እንለፍ። ኮራል የሚሸጠው በትንሽ የሴራሚክ ወይም የሲሚንቶ መሠረት ላይ ተጣብቆ ነው፤ ተባዩም አብሮ የሚመጣው በአብዛኛው በዚያ መሠረት ሥርና ስንጥቅ ተደብቆ ነው። እኔ ከአንድ ሻጭ የገዛሁት ኮራል መሠረት ላይ ከሰሊጥ ፍሬ እምብዛም የማትበልጥ ቡናማ ነገር አይቼ በወረንጦ ጨፍልቄ ጣልኳት። አይፕታዚያ የሚሏት፣ እንደ አረም የምትዛመት ተናዳፊ የባሕር እንስሳ ነበረች፤ ከእያንዳንዱ የሥጋ ቁራጭ እንደገና የምታድግ መሆኗን የተማርኩት ከወራት በኋላ ድንጋዬን ሁሉ ስትወርሰው ነው። ስለዚህ ኮራሉን ከመሠረቱ ማላቀቅ ከቻሉ አላቅቀው መሠረቱን ይጣሉት። ከዚያ ኮራሉን ከገንዳዎ በተቀዳ ውሃ ውስጥ፣ ለኮራል ማጠቢያ ተብሎ በተዘጋጀ መድኃኒት፣ በመመሪያው ላይ ለተጻፈው ደቂቃ ይንከሩት፤ መርፌ በሌለው ስሪንጅም በየስንጥቁ ውሃ ይርጩበት። ውሃውን ነጭ ሳህን ላይ ቢያደርጉት የሚወድቁትን ጠፍጣፋ ትሎችና ዛጎል አልባ ቀንድ አውጣዎች በዓይንዎ ያያሉ። መድኃኒቱ እንቁላል ስለማይገድል ከሳምንት በኋላ ይድገሙት።

ከተቻለ ሦስቱን ለአራት ሳምንት ያህል፣ ማሞቂያ፣ ትንሽ ፓምፕና መጠነኛ መብራት ባለው የ20 ሊትር ዕቃ ውስጥ ለይተው ያቆዩ። አብረው ስለሚመጡ አንድ ላይ መለየታቸው ችግር የለውም፤ ብቻ እርስ በርስ እንዳይነካኩ ያራርቋቸው። ትንሽ ገንዳ ያለው ሰው ይህን ምክር እንደ ቅንጦት ሲቆጥረው አዝናለሁ፤ ተባይ አንዴ ከገባ 80 ሊትሩን ከነድንጋዩ ማጽዳት ከዚህ ሁሉ ይከብዳልና።

ከኮራሎቹ መካከል ዞአንተስ የሚባሉት፣ እንደ ትንንሽ አበባ የሚታዩት ካሉ ጓንትና መነጽር ሳያደርጉ አይንኳቸው። አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የተባለ እጅግ ብርቱ መርዝ አላቸው፤ የተጣበቁበትን ድንጋይ በፈላ ውሃ ለማጽዳት መሞከር ደግሞ መርዙን ከእንፋሎቱ ጋር ወደ ሳንባ ይልካል።

ወደ ዋናው ገንዳ ሲገቡ ሁሉም ከታች፣ አሸዋው ላይ ይቀመጡ። መብራቱን ከአሁኑ ኃይል ወደ ግማሽ ያህል ዝቅ ያድርጉና በሦስት ሳምንት ውስጥ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየጨመሩ ይመልሱት። ከዚያ በኋላ ነው ኮራሉን አንድ ደረጃ ከፍ የሚያደርጉት፤ ከነጣም ወዲያው ዝቅ ያደርጉታል። የካልሲየምና የአልካሊነት ቁጥር ማሳደዱን ለጊዜው ይተዉት፤ በየሳምንቱ ከ6 እስከ 8 ሊትር ውሃ መቀየር ለሦስት ኮራሎች ይበቃል።

ከፍታችን የሚጨምረው ሥራ አለ። አዲስ አበባና አካባቢዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆኑ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ ውሃም በባሕር ዳርቻ ሊይዝ ከሚችለው ኦክስጅን አንድ አራተኛ ያህል ጎድሎበት ይይዛል። መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ሲቆም ጭንቀቱ እዚህ ፈጥኖ የሚመጣው ለዚህ ነው። ስለዚህ ሦስቱ ኮራሎች ከመድረሳቸው በፊት በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ይግዙ፤ ሌሊት መብራት ከጠፋ ገንዳውን በወፍራም ብርድ ልብስ ይሸፍኑት።

ስለ እህትዎ ሻንጣም አንድ ነገር ልበል። ድንጋይ አጽም የሚሠሩ ኮራሎች የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው፣ ሳይተስ በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ስለሚገኙ፣ ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ስለሆነች፣ ከሚወጡበት አገር የተሰጠ ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል። እዚህ ስምምነቱን የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው፤ እህትዎ ገንዘብ ከመክፈሏ በፊት ባለሥልጣኑን ይጠይቁ፣ እሷም ሻጩን ወረቀቱን እንዲያሳያት ትጠይቀው። ያለ ወረቀት የመጣ ኮራል ኤርፖርት ቢያዝ ቅሬታ የሚያሰማበት ቦታ የለም።

የቀረው አቀማመጡ ነው። ሃመርና ቶርች የሚባለው ዘመዱ ሌሊት ከቀኑ ጣቶቻቸው የረዘሙ ተናዳፊ ክሮች ስለሚዘረጉ ከጎረቤታቸው ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር ይራቁ፤ ፓምፑ ወደ ጎረቤታቸው በኩል የሚገፋቸው ከሆነ ከዚያም ይበልጥ ይራቁ። መብራቱ ከጠፋ ከሁለት ሰዓት በኋላ በቀይ ፌስታል የተጠቀለለ የእጅ ባትሪ ይዘው ገንዳውን ይዩት፤ ክሮቹ እስከየት እንደሚደርሱ ያኔ ይታይዎታል፤ የቀኑን አቀማመጥ በዚያ መሠረት ያስተካክሉ።