በፌብሩዋሪ ወደ ግሪክ ፍርስራሾች፦ በቀን ስንት ቦታ?

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ በፌብሩዋሪ አቴንስ ላይ መኪና ተከራይተን ስድስት ቀን ጥንታዊ ፍርስራሾችን ልናይ አስበናል። ሰው አይበዛም፣ ሆቴልም ይረክሳል ብለን ነው። እሱ ቆሮንቶስ፣ ሚኬኔ፣ ኤፒዳውሮስ፣ ኦሎምፒያና ዴልፊ፣ ሁሉንም ካላየሁ ይላል፤ በቀን ሦስት ቢሆንም ግድ የለውም። እኔ ደግሞ ፎቶ አንስቶ ወደ መኪና መሮጥ ያስጠላኛል። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ አንቺ። የሚፈርድላችሁ ደግሞ ሰዓቱ ነው። በብርድ ወራት አብዛኞቹ ቦታዎች ጠዋት 2 ወይም 2 ሰዓት ተኩል ላይ ተከፍተው ከቀኑ 9 ወይም 9 ተኩል ላይ ይዘጋሉ (እነሱ 15:30 ብለው ነው የሚጽፉት)። በቀን ሦስት ያለ ሰው ሦስተኛው ጋ ሲደርስ በሩ ተዘግቶ ነው የሚያገኘው። ስለዚህ ጠዋቱን ለፍርስራሹ፣ ከ9 ሰዓት እስከ ማታ ያለውን ብርሃን ለመንዳት አድርጉት። እንዲህ ካደረጋችሁ ደስ የሚለው ነገር እሱም አምስቱን አያጣም።

የመጀመሪያው ቀን ቆሮንቶስ ይሁን፤ ከአቴንስ 80 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። እ.ኤ.አ. በ1893 የተከፈተውን የመርከብ ቦይ ከድልድዩ ላይ አይታችሁ እለፉ፣ አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። ፍርስራሹ ውስጥ ግን ሐዋርያው ጳውሎስ በሮማዊው ገዥ በጋልዮስ ፊት ቆመበት የሚባለው የፍርድ ወንበር አለ፣ እዚያ ጋ አትቸኩሉ። ማታ ናፍፕሊዮ እደሩ። ሚኬኔም ኤፒዳውሮስም ከዚያ የግማሽ ሰዓት መንገድ ስለሆኑ በቀን ሁለት ማየት የሚያዋጣው እዚህ ብቻ ነው። በሚኬኔ በር ላይ የተቀረጹት አንበሶች ከ3,200 ዓመት በላይ ቆመዋል፤ ጭንቅላታቸው ግን የለም።

ኤፒዳውሮስ ላይ ነው የፌብሩዋሪን ጥቅም የምታዩት። ቲያትሩ 55 ረድፍ አለው፣ ከ10 ሺህ ሰው በላይ ይይዛል፤ የሚታወቀውም መሃሉ ላይ የወጣ ትንሽ ድምፅ እስከ ላይኛው ረድፍ በመሰማቱ ነው። በበጋ መሃል ላይ ያለችው ክብ ድንጋይ ጋ ለመቆም ወረፋ ነው፤ አንዱ አስጎብኚ ሲያጨበጭብ ሌላው ሳንቲም ይጥላል፣ ማን ምን እንዳሰማ አይለይም። ባለቤትሽ ድንጋይዋ ላይ ይቁምና ወረቀት ይቅደድ፣ አንቺ ላይኛው ረድፍ ላይ ውጪ። ነፋስ ከሌለ ትሰሚያለሽ። ከዚያ ቦታ ተቀያየሩ፤ ማን ያባርራችኋል?

ሦስተኛው ቀን ወደ ኦሎምፒያ መንዳት ነው። በትሪፖሊ በኩል ያለው አጭሩ መንገድ ተራራ ነው፣ በረዶ ከጣለ አትሞክሩት። በቆሮንቶስና በፓትራስ ዙሩ፤ ይረዝማል እንጂ አያስጨንቅም። በአራተኛው ቀን ኦሎምፒያን ስትጨርሱ (192 ሜትሯን ጥንታዊ የሩጫ ሜዳ ካልሮጣችሁ አልሄዳችሁም) የሪዮን ድልድይ ተሻግራችሁ ናፍፓክቶስ እደሩ፤ ዴልፊ ለአምስተኛው ቀን ይቆይ። በጨለማ እስከ ዴልፊ ልድረስ እንዳይል፣ የመኪናውን ቁልፍ ቀሚው!

አንዳንድ ነገር፦ መንጃ ፈቃዳችሁ ከአውሮፓ ኅብረት ውጪ የወጣ ከሆነ ዓለም አቀፉንም ያዙ። አውቶማቲክ መኪና እዚያ እንደ ልብ ስለማይገኝ አስቀድማችሁ አስይዙ፤ የጎማ ሰንሰለትም ጠይቁ። ከኖቬምበር እስከ ማርች የወሩ የመጀመሪያ እሁድ መግቢያ ነፃ ነው። ጫማ የማያንሸራትት፣ ምክንያቱም ዝናብ የነካው እብነ በረድ ቀልድ አያውቅም።

ሆቴል ይረክሳል ያላችሁት ዴልፊ አካባቢ ላይሠራ ይችላል። አጠገቡ ያለችው አራሆቫ የበረዶ ሸርተቴ ከተማ ናት፣ ቅዳሜና እሁድ የአቴንስ ሰው ይሞላታል፣ ዋጋውም ይሰቀላል። ጉዟችሁን ዴልፊ በሥራ ቀን እንዲውል አድርጋችሁ ጀምሩት፣ ካልሆነ ከታች ባሕሩ ዳር ኢቴያ ወርዳችሁ እደሩ።