ዳማከሴን የለካሽው እህቴ፣ አሁን ወዴት?

ከቢቸና የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስምሽን አደራ ስላልሽኝ አላወጣውም። ሌሎች አንባቢዎችም እንዲከታተሉን ግን ነገሩን ባጭሩ ላስቀምጠው።

በ2016 ዓ.ም. በኬሚስትሪ ተመረቅሽ። የመውጫ ፈተናውንም አልፈሻል። የመመረቂያ ሥራሽ የዳማከሴ ቅጠል ላይ ነበር። ቅጠሉን ጥላ ላይ አድርቀሽ፣ ፈጭተሽ፣ ሜታኖል ውስጥ ሦስት ቀን ዘፍዝፈሽ ኤክስትራክቱን አወጣሽ። ከዚያ ዲፒፒኤች በሚባል ሙከራ የአንቲኦክሲዳንት አቅሙን፣ ማለትም ኦክሲጅን የሚያደርሰውን ብልሽት የመግታት አቅሙን ለካሽ። ውጤቱ ከቫይታሚን ሲ ብዙም የማይርቅ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ግን ሥራ የለም። አጎትሽ «አድርቀን፣ አሽገን፣ ካንሰር ይከላከላል ብለን እንሽጠው፤ ሱቁን እኔ እከፍታለሁ» ይሉሻል። አማካሪሽ የነበሩት መምህር ደግሞ ማስተርስ ግቢና በሌላ ቅጠል ድገሚው ይሉሻል። አንቺ እንዲህ ብለሽ ጨረስሽ፦ «ጋሼ፣ የተማርኩት ለሥራ የሚሆን አይመስለኝም። ትቼው ሌላ ነገር ልጀምር?»

አትተዪው። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ስለ ዳማከሴው ሁለት ገጽ ጽፈሽልኛል። እንዴት እንደለካሽው የጻፍሽው ሦስት መስመር ነው። ቀጣሪ የሚፈልገው እነዚያን ሦስት መስመሮች ነው። አንቺ ቅጠል ያገኘሽ ሰው አይደለሽም፤ ዳማከሴን ካንቺ በፊት አያትሽ ያውቁታል። አንቺ የማይታይ ነገር መለካት የተማርሽ ሰው ነሽ። ይሄ ደግሞ የሚከፈልበት ሙያ ነው።

ሙከራውን ለማያውቁ አንባቢዎች ላስረዳ። ዲፒፒኤች ዱቄት ነው። ሜታኖል ውስጥ ሲሟሟ ደማቅ ሐምራዊ ይሆናል። ሞለኪውሉ ጥንድ ያጣ አንድ ኤሌክትሮን አለው። እንዲህ ያሉት ሞለኪውሎች አብዛኞቹ ካገኙት ነገር ጋር ወዲያው ይጣበቃሉ። ይሄኛው ግን ረግቶ ይቀመጣል፤ ለመለኪያ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ሃይድሮጅን ወይም ኤሌክትሮን የሚሰጠው ነገር፣ ማለትም አንቲኦክሲዳንት፣ ጠብ ሲደረግበት ሐምራዊው እየሳሳ ሄዶ ቢጫ ይሆናል። ጨለማ ውስጥ 30 ደቂቃ ካቆዩት በኋላ ስፔክትሮፎቶሜትር በሚባል፣ ምን ያህል ብርሃን እንደተዋጠ በሚለካ መሣሪያ ላይ በ517 ናኖሜትር ያነቡታል። ብሎይስ የተባለ ተመራማሪ ዘዴውን ያሳተመው በ1958 እ.ኤ.አ. ነው። ርካሽና ፈጣን ስለሆነ ዛሬም ተማሪ ሁሉ ይሠራዋል። ቀለሙ ዓይንሽ እያየ ሲለወጥ ደግሞ ደስ ይላል። ሰውን የሚያታልለውም ይሄ ደስታ ነው።

እኔንም አታሎኛል። የዛሬ ብዙ ዓመት አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ስሠራ ጠዋት ኮንትሮሌን፣ ማለትም ቅጠል ያልተጨመረበትን ዲፒፒኤች አነበብኩ። 0.92 ነበር። መሣሪያው አንድ ብቻ ስለነበር ወረፋ ነበረበት። የዲፒፒኤቹን ጠርሙስ ፎይል ሳልጠቀልልበት መስኮት አጠገብ አስቀምጬ ምሳ ወጣሁ። ከሰዓት ተመልሼ ከዚያው ጠርሙስ እየቀዳሁ ናሙናዎቼን ሠራሁ። ሁሉም ጥሩ ሆኑ። እንዲያውም ከጠበቅሁት በላይ ሆኑ። ደብተሬን አጥፌ ልወጣ ስል አብራኝ የምትሠራ ልጅ «ኮንትሮሉን እስኪ ድገመው» አለችኝ። ደገምኩት። 0.71። ቅጠሎቼ ሳይሆኑ የመስኮቱ ብርሃን ነበር ቀለሙን ያደበዘዘው። አስቢው፤ ጠዋት በተነበበው ኮንትሮል ካሰላሽ፣ ምንም የማይሠራ ቅጠል 23 ከመቶ ሠራ ተብሎ ይጻፍለታል። የሦስት ሳምንት ቁጥር ሰረዝኩ። ያቺ ልጅ ግን እስከ ዛሬ የምጠቀምበትን ሙያ ሰጥታኛለች፦ ውጤቱ ሲያምር ኮንትሮሉን ድገም።

አሁን ወደ ደብተርሽ ተመለሺ። ኮንትሮሉን ስንት ሰዓት አነበብሽ? በቀኑ መጨረሻስ ደገምሽው? የኤክስትራክቱን የራሱን ቀለም ቀንሰሻል ወይ? አረንጓዴ ኤክስትራክት ራሱ ብርሃን ይውጣል፤ ካልቀነስሽው ቅጠሉ ከአቅሙ በታች ይታያል። እያንዳንዱን ናሙና ስንት ጊዜ ደገምሽ? አይሲ 50 ደግሞ፣ ማለትም ዲፒፒኤቹን በግማሽ ለመቀነስ የሚበቃው የኤክስትራክት መጠን፣ ሲያንስ ቅጠሉ እንደሚበረታ አትርሺ። ብዙ ተመራቂ ቃለ መጠይቅ ላይ ይሄን ገልብጦ ይመልሳል፤ እዚያው ላይም ያበቃለታል። ኮንትሮሉን ሳትደግሚ ቀርተሽ ከሆነ አትደንግጪ። ስህተቱን ራስሽ አግኝተሽ «ድጋሚ ብሠራው እንዲህ አስተካክለው ነበር» ማለት ከቻልሽ፣ ጠያቂው ፊት ከተዋበ ውጤት ይበልጥ ያቆምሻል።

የአጎትሽን ነገር ሳልዞር ልናገር። ይቅርብሽ። አጎትሽ ክፉ አስበው አይደለም፤ ሥራ ፈትተሽ ማየት ከብዷቸው ነው። ግን አንቺ የለካሽው ኩቬት በምትባል ትንሽ የመለኪያ ብልቃጥ ውስጥ ያለ ቀለም ነው እንጂ የሰው ሰውነት አይደለም። ቅጠሉ ሲጠጣ ሆድ ውስጥ ምን እንደሚሆን፣ ስንቱ ደም ውስጥ እንደሚገባ፣ ጉበት ምን እንደሚያደርገው ሙከራሽ አይነግርሽም። ደግሞ አያትሽ ዳማከሴውን በእጃቸው አሽተው፣ ጨምቀው ነው ለምች የሚሰጡት። በሜታኖል አይዘፈዝፉትም። ሜታኖል ዓይን የሚያጠፋ መርዝ ነው። ስለዚህ የለካሽው እሳቸው የሚሰጡትን ጭማቂ እንኳ አይደለም። ከቫይታሚን ሲ ጋር ያወዳደርሽውም ቢሆን በጥንቃቄ ይነገር፤ ያኛው አንድ ንጹህ ውህድ ነው፣ ያንቺው የብዙ ነገር ድብልቅ።

አንቲኦክሲዳንት ሁሉ ካንሰር ይከላከላል የሚለው እምነት ደግሞ በሰው ላይ ተሞክሮ ያውቃል። ፊንላንድ ውስጥ 29,133 የሚያጨሱ ወንዶች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ነበር። ቤታ ካሮቲን ካሮት ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ በአንቲኦክሲዳንትነቱም ተስፋ ተጥሎበት ነበር። በ1994 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ሲወጣ ቤታ ካሮቲን የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 ከመቶ ጨምሮ ተገኘ። ጨምሮ ነው የምልሽ። ይሄን እያወቅሽ ፓኬት ላይ «ካንሰር ይከላከላል» ብለሽ መጻፍ አትችይም። ሕክምናውን ትቶ ፓኬትሽን የሚገዛ ሰው ይኖራል። ለአጎትሽ ይሄን በእርጋታ አስረጃቸው፤ ይገባቸዋል።

ወደ ማስተርሱ እንምጣ። እዚህ ላይ ነው ከመምህርሽ ጋር ትንሽ የምለያየው። መማርሽን እደግፋለሁ። በሌላ ቅጠል መድገሙን ግን አልደግፍም። ቅጠል መቀየር አዲስ ጥያቄ አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ የእንዶድን ነገር የደረሱበት ቅጠል እየቀያየሩ በመመርመር አልነበረም። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ለምን ብለው ጠየቁ። ላቦራቶሪው ከዚያ በኋላ መጣ።

አንቺም ከቤትሽ ጀምሪ። እናትሽ ቅቤ ሲያነጥሩ ኮሰረት ይጨምራሉ አይደል? ለሽታው ብቻ ነው? ቅቤውን ከመበላሸትስ ያቆየዋል? አሁን ይሄን ወደ ዘይት አምጪው። ጎጃም የኑግ አገር ነው። የኑግ ዘይት አብዛኛው ሊኖሌይክ አሲድ የሚባል የስብ ዓይነት ስለሆነ ከአየር ጋር ሲገናኝ ቶሎ ይበላሻል፣ ይከረፋል። መከርፋት ማለት ኦክሲዴሽን፣ ከኦክሲጅን ጋር መዋሃድ ነው፤ አንቲኦክሲዳንት የሚገታውም ይሄንኑ ነው። ያንቺ ትምህርት እዚህ ነው ከገበያው ጋር የሚገናኘው።

ሙከራው ውድ አይደለም። አንዱ ጠርሙስ ባዶ የኑግ ዘይት፣ ሌላው የኮሰረት ኤክስትራክት የተጨመረበት፣ ሦስተኛው ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት የታወቀ አንቲኦክሲዳንት ያለበት። 60 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ታስቀምጫቸዋለሽ። በየጥቂት ቀኑ ፐርኦክሳይድ ቫልዩአቸውን፣ ማለትም ምን ያህል ኦክሲዴሽን እንደጀመራቸው የሚያሳየውን ቁጥር ትለኪያለሽ። ዘይቱ ላይ ፖታሲየም አዮዳይድ ስትጨምሪ አዮዲን ይወጣል፤ እሱን በሶዲየም ታዮሰልፌት ጠብታ በጠብታ እየጨመርሽ ታይትሬት ታደርጊዋለሽ። በስታርች የመጣው ሰማያዊ ቀለም ድንገት ሲጠፋ እዚያ ላይ ታቆሚያለሽ። ለተጣራ የምግብ ዘይት ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ የሚፈቅደው በኪሎ እስከ 10 ሚሊኢኩቫለንት ነው። «ባዶው ዘይት በዚህ ቀን 10ን አለፈ፣ ኮሰረት ያለበት በዚህ ቀን» ብትዪ ዘይት የሚሸጥ ሰው ሁሉ ይገባዋል። አይሲ 50 ብትዪው ግን አይገባውም። መጀመሪያ ግን ሌሎች ምን እንደሠሩ ፈልገሽ አንብቢ፤ ካንቺ የቀደመ ካለ ከእሱ ቀጥዪ።

ማስተርሱ እስኪሳካ ሥራ መፈለግሽን አታቁሚ። ፊትሽን ወደ ጥራት ቁጥጥር አዙሪ። ቡሬና ደብረ ማርቆስ ላይ የምግብ ዘይት ፋብሪካዎች ተተክለዋል። ባሕር ዳር የክልሉ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አለ። የደብረ ማርቆስና የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች የላቦራቶሪ ቴክኒሽያን ማስታወቂያ ሲያወጡ «ተመራቂ ነኝ፣ ቴክኒሽያን አልሆንም» አትበይ። መሣሪያ አጠገብ መዋል በኋላ የምትፈልጊውን ኤችፒኤልሲ፣ ድብልቅን ለያይቶ የሚለካውን መሣሪያ፣ ያስተምርሻል። አዲስ አበባ መሄድ ከቻልሽ ደግሞ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት በባህል መድኃኒት ላይ የሚሠራ ክፍል አለው፤ ማስታወቂያዎቹን ተከታተይ።

ሲቪሽን አየሁት። «የዳማከሴን አንቲኦክሲዳንት አቅም አጥንቻለሁ» ይላል። አጥፊው። በምትኩ እንዲህ በዪ፦ «በስፔክትሮፎቶሜትር የካሊብሬሽን ከርቭ አዘጋጅቻለሁ፤ ናሙናዎችን እየደጋገምኩ አንብቤ አማካይና ስታንዳርድ ዲቪዬሽን አስልቻለሁ፤ የላቦራቶሪ ደብተር በቀንና በሰዓት እይዛለሁ።» በእርግጥ ያደረግሽውን ብቻ ጻፊ። አይኤስኦ 17025 የሚባለውን የፍተሻ ላቦራቶሪዎች ደረጃ ጠቅላላ ሐሳቡን አንብቢ። ቀጣሪዎች ይጠይቁበታል፤ ካንቺ ጋር የተመረቁት አብዛኞቹ አያነቡትም።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ የአያትሽ ነገር። ቅጠሉን ከጓሯቸው ቆርጠው የሰጡሽ እሳቸው ናቸው። በጥናትሽ ግን ስማቸው የለም። ይሄ ልቤን ነካኝ። ሌላ ሥራ ከእሳቸው ጋር ከመጀመርሽ በፊት ቁጭ በይና ፈቃዳቸውን ጠይቂ። የማህበረሰብ ዕውቀትን የሚጠብቅ አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለን፤ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩትም በዚህ ጉዳይ ይጠየቃል። ሕጉ ባይኖር እንኳ ያጎረሰንን እጅ እናመሰግናለን።

የዕፁንም ስም በወጉ ያዢ። እኛ ጎጃም ስሚዛ የምንለውን ሸዋ ሰንሰል ይለዋል። ሁለት ተማሪ አንድ ቅጠል ለክቶ ሁለት ቅጠል ያገኘ ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ አበባው ያለበትን ቅርንጫፍ ጋዜጣ መሐል አድርቀሽ፣ የተቆረጠበትን ቦታና ቀን ጽፈሽ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ላለው ብሔራዊ ሄርባሪየም፣ የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ለሚጠበቅበት ቦታ፣ ሰጥተሽ በቁጥር አስመዝግቢ። ያ ቁጥር ከሌለ ከዓመታት በኋላ ማንም የለካሽው ምን እንደነበር አያውቅም።

በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ። የድሮውን የላቦራቶሪ ደብተርሽን አውጪ። የዚያን ቀን የኮንትሮሉን የመጀመሪያ ንባብ ፈልጊ፤ የመጨረሻውም ካለ ፈልጊ። ሁለቱንም ቁጥሮች ላኪልኝ፤ አብረን እናሰላዋለን።