መድኃኒት የለመደ የጨጓራ ባክቴሪያ፦ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ፋርማሲስት ነኝ። "ሦስት ጊዜ መድኃኒት ጨርሼ አሁንም አለብህ ተባልኩ" የሚል ሰው በየጊዜው ስለሚያጋጥመኝ ጨጓራ ውስጥ ስለሚኖረው ባክቴሪያ፣ ስለ ኤች ፓይሎሪ፣ ጥያቄ ልቀበል አልኩ። የደረሱኝን አንድ በአንድ እመልሳለሁ። እዚህ የምጽፈው መድኃኒት ለማዘዝ አይደለም፤ ሐኪም ፊት ስትቀመጡ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ እንድታውቁ ነው።

ጥያቄ፦ ሁለት ጊዜ ታክሜ ሁለቴም ፖዘቲቭ ሆነብኝ። አንድም ቀን ሳላቋርጥ ነው የጨረስኩት። ምን አጠፋሁ?

ምንም አላጠፋህም። ይህን አስቀድሜ የምለው ብዙ ሰው "በሥርዓት አልወሰድከውም" እየተባለ ስለሚሸማቀቅ ነው። የጻፍክልኝን መድኃኒት አየሁት፤ ሁለቱንም ጊዜ የአሲድ መቀነሻው ኦሜፕራዞል፣ ከሁለት አንቲባዮቲኮች፣ ከአሞክሲሲሊንና ከክላሪትሮማይሲን ጋር ነው። ለብዙ ዓመታት የመጀመሪያው ምርጫ ይህ ነበር፤ በደንብም ይሠራ ነበር። አሁን ችግር ያመጣው ክላሪትሮማይሲን ነው። ይህ መድኃኒት ባክቴሪያው ፕሮቲን የሚሠራበትን ክፍል፣ ራይቦዞም የሚባለውን፣ ይዞ ሥራውን ያስቆማል። ባክቴሪያው እዚያ ቦታ ላይ አንዲት የዘረመል ፊደል ብቻ ከቀየረ ግን መድኃኒቱ የሚይዘው ያጣል። ከዚያ ወዲያ መጠኑን ብትጨምር፣ ቀኑን ብታረዝም ለውጥ የለውም። ክላሪትሮማይሲን ለሳንባና ለሳይነስ ኢንፌክሽንም ይታዘዛል፤ ስለዚህ ከዓመታት በፊት ለሌላ ሕመም ወስደኸው ከነበረ ጨጓራህ ውስጥ የነበረው ባክቴሪያ ያኔውኑ ለምዶት ሊሆን ይችላል። አንዴ ወስደኸው ካልሠራ ያንኑ መድገም ልክ አይደለም። ሌቮፍሎክሳሲን የሚባለው አንቲባዮቲክም እንደዚያው። ከዚህ በፊት ለማንኛውም ሕመም የወሰድካቸውን አንቲባዮቲኮች ጽፈህ ለሐኪምህ አሳየው፤ ያ ወረቀት ብዙ ነገር ይለውጣል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሁሉንም መድኃኒት ይለምዳል ማለት ነው?

አይደለም። አሞክሲሲሊንና ቴትራሳይክሊንን የለመደ ኤች ፓይሎሪ በአብዛኛው የዓለም ክፍል ብዙም አያጋጥምም። ስለዚህ ሁለቱን በድጋሚ መጠቀም ይቻላል። ሜትሮኒዳዞል የሚባለው አንቲባዮቲክ መሃል ላይ ነው፤ ላብራቶሪ ውስጥ "ለምዶታል" ቢባልም እንኳ መጠኑ በቂ ሆኖ ቢስሙዝ ከሚባል የቆየ የጨጓራ መድኃኒት ጋር ለ14 ቀን ሲሰጥ ብዙ ጊዜ ያሸንፋል።

ጥያቄ፦ ቮኖፕራዛን የሚባል አዲስ መድኃኒት አለ ሲሉ ሰማሁ። አንቲባዮቲክ ነው?

አይደለም፣ የአሲድ መቀነሻ ነው። ግን በደንብ ላስረዳሽ፤ ለእኔ የጠቅላላው ሕክምና ቁልፍ እዚህ ጋ ነው።

ኤች ፓይሎሪ ያን ሁሉ አሲድ የሚቋቋመው ዩሪዬዝ በሚባል ኢንዛይም ነው። ዩሪያን ወደ አሞኒያ እየቀየረ በዙሪያው ያለውን አሲድ ያበርዳል። አሲዱ ሲበረታበት ደግሞ መራባቱን ትቶ ያደፍጣል። አሞክሲሲሊን ግን ባክቴሪያውን የሚገድለው ሲራባ፣ አዲስ ግድግዳ ሲሠራ ነው። ያደፈጠውን አይነካውም። ስለዚህ አሲዱን በደንብ ካጠፋነው ባክቴሪያው ይነቃል፣ መራባት ይጀምራል፣ ያኔ አሞክሲሲሊን ያገኘዋል። አሲዱ በግማሽ ልብ ከተቀነሰ ግን ጥሩው አንቲባዮቲክ ጭምር ይባክናል።

ኦሜፕራዞልና ዘመዶቹ እዚህ ላይ ድካም አለባቸው። የሚዘጉት እየሠራ ያለ የአሲድ ፓምፕ ብቻ ስለሆነ ከምግብ በፊት ግማሽ ሰዓት ገደማ መወሰድ አለባቸው። አንዳንድ ሰው ደግሞ በተፈጥሮው ጉበቱ ቶሎ ይሰባብራቸዋል። ቮኖፕራዛን በሌላ መንገድ ነው የሚሠራው። ፓምፑ ፖታስየም የሚቀበልበትን ቦታ ይዘጋበታል፤ ምግብ መጠበቅ አያስፈልገውም፣ አሲዱንም ጠንከር አድርጎ ለረጅም ሰዓት ይይዛል። ጃፓን ከ2015 ጀምሮ ስትጠቀምበት ቆይታለች፤ አሜሪካ ለኤች ፓይሎሪ የፈቀደችው በ2022 ነው። አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ በተደረገው ትልቅ ጥናት ክላሪትሮማይሲንን የለመደ ባክቴሪያ ካለባቸው ሰዎች መካከል የድሮው ዓይነት የሦስት መድኃኒት ሕክምና ያዳነው 32 በመቶ ያህሉን ነበር። ቮኖፕራዛንና አሞክሲሲሊን ሁለቱ ብቻ ሆነው 70 በመቶ ያህሉን አዳኑ።

ልዩነቱ ትልቅ ነው። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ 70 በመቶ አያጠግበኝም፤ በዚህ ሕክምና የሚፈለገው 90 በመቶና ከዚያ በላይ ነው። ቮኖፕራዛን በማይገኝበት ቦታ ሐኪሞች ያንኑ ሐሳብ በኦሜፕራዞል ቤተሰብ ይሞክሩታል። የአሲድ መቀነሻውን መጠን ከፍ ያደርጋሉ፣ አሞክሲሲሊንን በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይሰጣሉ፣ ለ14 ቀን። አሞክሲሲሊን ከደም ቶሎ ስለሚወጣ ነው የሰዓቱ መቀራረብ የሚያስፈልገው።

ጥያቄ፦ አራት ዓይነት መድኃኒት ታዘዘልኝ፣ ቢስሙዝ ያለበት። የኪኒኑ ብዛት አስጨነቀኝ፣ ሰገራዬም ጠቆረ። ላቁም?

እባክህ እንዳታቆም! የጠቆረው ከቢስሙዙ ነው፤ ምላስም ሊጠቁር ይችላል፣ ስትጨርስ ይለቃል። (እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅ ከሆነ ወይም ራስህን እስክትስት የሚያዞርህ ከሆነ ግን ያ የደም መፍሰስ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ዛሬውኑ ታይ።) የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ኮሌጅ በ2024 ባወጣው መመሪያ ከዚህ በፊት ላልታከመ ሰው የመጀመሪያ ምርጫ ያደረገው ይህንኑ ነው። የአሲድ መቀነሻ፣ ቢስሙዝ፣ ሜትሮኒዳዞልና ቴትራሳይክሊን ለ14 ቀን። ቢስሙዝ አሮጌ መድኃኒት ነው፤ ባክቴሪያው ግን እሱን መልመድ አልቻለበትም። ብዛቱ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ስልክህ ላይ ማስታወሻ ሙላ፣ የየቀኑን ለይተህ አስቀምጥ። በእነዚህ ቀናት አልኮል አትቅመስ፤ ከሜትሮኒዳዞል ጋር አይሆንም። ነፍሰ ጡር የሆነች አንባቢ ካለች ይህ ሕክምና ለእሷ አይደለም።

ጥያቄ፦ ሪፋቡቲንስ?

እሱም አለ፣ አንቲባዮቲክ ነው። በ2019 አሜሪካ ውስጥ ከኦሜፕራዞልና ከአሞክሲሲሊን ጋር በአንድ እንክብል ተፈቅዷል፤ ኤች ፓይሎሪ ብዙም አልለመደውም። ሽንት ያቀላል፣ አትደንግጡ። ግን ሪፋቡቲን የቲቢ መድኃኒት የሆነው የሪፋምፒሲን ዘመድ ነው። እንደልብ ከተረጨ ቲቢ ላይ መዘዝ ያመጣል፤ ስለዚህ ሌላው ሲያቅት ቢወጣ እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ከመገመት ይልቅ የትኛው እንደሚሠራ አስቀድሞ መመርመር አይቻልም?

ይቻላል፤ እኔም ነገሩ ወደዚያ ቢሄድ ደስ ይለኛል። ድሮ መንገዱ አንድ ነበር። በኢንዶስኮፒ (ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ አስገብቶ) ከጨጓራ ናሙና ተወስዶ ባክቴሪያው ላብራቶሪ ውስጥ ይበቅላል። ባክቴሪያው ግን አስቸጋሪ ነው፤ ኦክስጅን ሲበዛበት አያድግም፣ ሲያድግም ቀናት ይፈጃል። አሁን ፒሲአር በሚባል የዘረመል ምርመራ የዘረመል ለውጡን ራሱን መፈለግ ይቻላል፤ ከጨጓራ ናሙናም፣ ከሰገራም። ለክላሪትሮማይሲን በደንብ ይሠራል፣ ለሌቮፍሎክሳሲንም ጥሩ ነው። ለሜትሮኒዳዞል ግን ውጤቱን ያን ያህል አልተማመንበትም፣ የሚለምድበት መንገድ ብዙ ነውና። ሁለት ጊዜ ያልተሳካለት ሰው ሦስተኛውን በጭፍን ከመጀመሩ በፊት ይህን ምርመራ ይጠይቅ።

ጥያቄ፦ ሕመሙ ጠፋልኝ። ድጋሚ መመርመር ግድ ነው?

ግድ ነው። ሕመሙ ጠፍቶ ባክቴሪያው ሊቀር ይችላል። መድኃኒት ከጨረስሽ ቢያንስ 4 ሳምንት ይለፍ፤ ከምርመራው በፊት ኦሜፕራዞል ለ2 ሳምንት ይቁም። ምርመራው የትንፋሽ ወይም የሰገራ አንቲጅን (የባክቴሪያውን ቅሪት ሰገራ ውስጥ የሚፈልግ) ይሁን። የደም ምርመራ አይጠቅምም፤ ሰውነትሽ ባክቴሪያውን ለመዋጋት የሠራው ፀረ እንግዳ አካል ከዳንሽ በኋላም ለዓመታት ደም ውስጥ ስለሚቆይ "አለብሽ" እያለ በከንቱ ያስጨንቅሻል። በዚህ ምክንያት ብቻ ያለ በሽታው ደጋግሞ አንቲባዮቲክ የዋጠ ሰው አጋጥሞኛል፤ በጣም ነው ያሳዘነኝ።

ጥያቄ፦ ፕሮባዮቲክ ያድናል?

ፕሮባዮቲክ፣ ማለትም ጠቃሚ ባክቴሪያ ያለበት ነገር፣ ብቻውን አያድንም። ተቅማጥና ማቅለሽለሽን ሊቀንስ ይችላል፤ መድኃኒቱን ለመጨረስ ከረዳሽ ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ ክትባት ለምን አይሠሩለትም?

እየሞከሩ ነው። ቻይና ውስጥ ከ6 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የተሞከረ በአፍ የሚሰጥ ክትባት ነበር፤ ውጤቱ በ2015 ሲታተም በመጀመሪያው ዓመት 72 በመቶ ያህል እንደተከላከለ ታየ። እስካሁን ግን ገበያ ላይ የለም። የሪፋማይሲንን (የእነ ሪፋቡቲንን) እና የሜትሮኒዳዞልን ቤተሰብ በአንድ ሞለኪውል ያጣመረ ሪፋሱቴኒዞል የሚባል መድኃኒትም በሰው ላይ ተፈትኗል። ባክቴሪያ የሚበሉ ቫይረሶችና ናኖ ቅንጣቶች ገና ላብራቶሪ ናቸው፤ "አለን" ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ አትግዙ።

ጥያቄ፦ እናቴ 70 አልፏታል፣ አራት ጊዜ ታክማ አልዳነችም። ከልጅነቷ ጀምሮ ፔኒሲሊን አይስማማትም ተብላለች። ይብቃት?

ወንድሜ፣ አምስተኛውን በችኮላ አታስጀምራት፤ ግን ተስፋም አትቁረጥ። ፔኒሲሊን አይስማማችሁም ከተባሉት ሰዎች አብዛኞቹ በትክክል ሲመረመሩ አለርጂ የለባቸውም። በልጅነት የወጣ ሽፍታ ከሌላ ነገር መጥቶ ሊሆን ይችላል። እናትህ በዚህ ምክንያት የፔኒሲሊን ቤተሰብ የሆነውን አሞክሲሲሊንን፣ ማለትም ባክቴሪያው ብዙም ያልለመደውን መድኃኒት፣ አራቱንም ጊዜ ሳታገኝ ቀርታለች። ቤት ውስጥ እንዳትሞክሩት፤ አደጋ አለው። የአለርጂ ምርመራ ወደሚደረግበት ቦታ ውሰዳት፣ ያኔ በልጅነቷ ምን እንደሆነች ከእሷ ወይም ከታላላቆቿ ጠይቀህ ጽፈህ ያዝ። እስከዚያው ኩላሊቷ ምን ያህል እንደሚሠራ ይታይ፤ መጠኑ በዚያ ነው የሚወሰነው። የሚሉህን ጻፍልኝ፣ አብረን እናየዋለን።