ጅማት፣ ሥር ወይስ ነርቭ?

ጥያቄ፦ እናቴ ወገቧን ያማታል። ሕመሙ በመቀመጫዋ አልፎ በጭኗ ጀርባ ይወርድና እስከ እግሯ ጣት ይደርሳል። ወጌሻው «ጅማት ዞሮ ነው» አሉ። አክስቴ «የደም ሥር ተዘግቶ ነው» ትላለች። ሐኪሙ ደግሞ «ነርቭ ነው» አለን። ሦስቱ አንድ ናቸው ወይስ ይለያያሉ? ለመሆኑ ነርቭ አማርኛ የለውም? (ከአዳማ)

መልስ፦ ለእናትዎ ምሕረቱን ይላክላቸው። ሦስቱ ይለያያሉ። የተምታቱት ግን ያለ ምክንያት አይደለም፤ ለዓይን ሁሉም ክር ነገር ናቸው።

በግ አርዶ የበለተ ሰው ያውቀዋል። ጭኑ ላይ ሲደርስ ነጭ፣ ጠንካራ፣ ቢላዋ የሚያስቸግር ነገር ያገኛል። እሱ ጅማት ነው። ውስጡ ክፍት የሆነ፣ ደም የቀረበት ቀጭን ቱቦም ያገኛል፤ የደም ሥር ነው። ከጡንቻዎቹ መሃል ደግሞ ነጣ ያለ፣ ወፈር ያለ፣ እንደ ጅማት ያልጠነከረ ነገር ተመዝዞ ይወጣል። ብዙዎቻችን ይህንንም ጅማት ብለን ለድመት እንወረውረዋለን። ነርቭ ማለት እሱ ነው።

ሥራቸው ግን አይገናኝም። ጅማት ያስራል፤ ጡንቻን ከአጥንት፣ አጥንትን ከአጥንት። የደም ሥር ደም ያመላልሳል። ነርቭ መልእክት ያደርሳል፤ ቆዳ የነካውን ወደ አንጎል ይወስዳል፣ የአንጎልን ትእዛዝ ለጡንቻ ያመጣል። ልዩነቱ ጉዳት ሲደርስ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጣትን የሚያጥፈው ጅማት ቢበጠስ ጣቱ አይታጠፍም፤ ሲነኩት ግን ይሰማዎታል። የጣቱ ነርቭ ቢቆረጥ ጣቱ እየታጠፈም ትኩስ ነገር ሲነካ ላይሰማዎት ይችላል።

ለመምታታቱ እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። «ነርቭ» የሚለው ቃል ራሱ የመጣው ድሮ ጅማት ከሚል ቃል ነው። ጥንታውያን ግሪኮች «ኔውሮን» ሲሉ ጅማትን፣ የቀስት አውታርን ጭምር ማለታቸው ነበር። በእስክንድርያ የነበረው ሐኪም ሄሮፊሎስ ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ የሰው አስከሬን ከፍቶ ነርቭን ከጅማት እስኪለይ ድረስ ሁለቱ አብረው ኖረዋል። በግእዝም «ሥርው» የዛፍ ሥር ነው፣ ጅማትም ነው፣ ነርቭም ነው። በዘፍጥረት ምዕራፍ 32 ያዕቆብ ሲታገል አድሮ ጭኑ ላይ ተነክቶ ማነከሱ ተጽፏል፤ እስራኤላውያንም በዚህ ምክንያት የጭኑን ጅማት አይበሉም ይላል። የዕብራይስጡ ቃል «ጊድ» ጅማት ነው። የአይሁድ ሊቃውንት ግን የተባለው ጅማት ያ ትልቁ የጭን ነርቭ ነው ብለው፣ ሥጋውን ከመብላታቸው በፊት መዝዘው ያወጡታል። እናትዎን የሚያስቸግራቸው፣ ከሐኪሙ አባባል እንደሚመስለኝ፣ ይኸው ነርቭ ነው። ሳያቲክ ይሉታል። በሰውነታችን ካሉት ነርቮች ሁሉ ወፍራሙ እሱ ነው።

አሁን «አማርኛ የለውም?» ወዳሉት ልምጣ። ስሙን ተውሰናል፣ እውነት ነው። ግሱ ግን የራሳችን ነው፤ እንዲያውም ሞልቶናል። ክርንዎን የበር ጠርዝ መቶት ያውቃል? እስከ ትንሿ ጣት ድረስ ምን አደረገዎት? ነዘረዎት! ኮረንቲ ሲይዘንም የምንለው ይህንኑ ነው። በክርን ውስጠኛ ጎን ቆዳ ሥር፣ አጥንት ላይ ተለጥፎ የሚያልፍ ነርቭ አለ። የትንሿን ጣትና የቀለበት ጣትን ግማሽ ስሜት የሚሸከም እሱ ስለሆነ ንዝረቱም እዚያው ይደርሳል። በነርቭ ውስጥ የሚሄደው መልእክትም ኤሌክትሪክ ነውና ያ ቃል በአጋጣሚ በትክክለኛው ቦታ ተቀምጧል።

ሌሎቹንም ይመልከቱ። አጥንት ይቆረጥማል። ቁስል ይጠዘጥዛል። ጎን ይወጋል። እግር ላይ ብዙ ተቀምጠው ሲነሱ ደግሞ ይደነዝዛል፣ ከዚያ ይወርርዎታል። የእግር ጣትዎን ድንጋይ ሲመታው መጀመሪያ ጥው ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ ይጠዘጥዛል። ሁለቱ የሚመጡት በተለያየ መንገድ ነው። የመጀመሪያውን ሕመም የሚያመጡት ክሮች በሴኮንድ ከ5 እስከ 30 ሜትር ይሄዳሉ። የኋለኛውን የሚያመጡት ቀጫጭኖቹ ክሮች ከ2 ሜትር ብዙም አያልፉም። ስለዚህ እናትዎ ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ «ያመኛል» ብለው አይለፉት። ይነዝራል? ያቃጥላል? ይደነዝዛል? ይቆረጥማል? ይህንን መለየት ለሐኪሙ ትልቅ እገዛ ነው።

ወገባቸው ታሞ ጣታቸው ድረስ የሚነዝራቸው ለምንድን ነው? ሳያቲክ የሚሠራው ከወገብ ታችና ከዚያ ዝቅ ብሎ ካለው አጥንት ከሚወጡ 5 ሥሮች ነው። አዎ፣ ሐኪሞችም «የነርቭ ሥር» ይላሉ፤ አክስትዎ ቃሉን አልሳቱትም፣ የሳቱት «የደም» ያሉትን ነው። በአከርካሪ አጥንቶች መሃል እንደ ትራስ የተነጠፈው ዲስክ ሾልኮ ከእነዚህ አንዱን ሲጫነው አንጎል የተጫነበትን ቦታ በትክክል አይለይም። ያ መስመር የሚመጣው ከእግር ነውና «እግሬን» ይላል። ወጌሻን አላጣጥልም፤ ለወለምታ ስንቱን አቁመዋል። ሾልኮ የወጣ ዲስክን ግን በማሸት መመለስ አይቻልም። ሁለቱም እግር ከዛለ፣ ሽንት አልታዘዝ ካለ፣ መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ነው።

በዚሁ አንድ ነገር ላንሳ። በመኪና አደጋ ዜና ላይ «ህብለ ሰረሰሩ ተሰበረ» ሲባል እሰማለሁ። የሚሰበረው አከርካሪ ነው፤ አጥንት ነው። ህብለ ሰረሰር በአጥንቱ ቀዳዳ ውስጥ የሚወርደው ለስላሳ ገመድ ነው፤ ይጎዳል፣ ይጨፈለቃል፣ ይቆረጣል፣ አይሰበርም። ሕብል የመጣው ከግእዙ ሐብል ነው፤ ገመድ ማለት ነው። ርዝመቱ 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እስከ መቀመጫ አይወርድም፤ ወገብ ላይ፣ አንደኛውና ሁለተኛው የወገብ አከርካሪ ዘንድ ያበቃል። ከዚያ በታች የተንጠለጠሉትን ነርቮች የሕክምና ሰዎች በላቲን «የፈረስ ጭራ» ብለዋቸዋል። ከህብለ ሰረሰር 31 ጥንድ፣ ከአንጎል 12 ጥንድ ነርቮች ይወጣሉ። አንጎልና ህብለ ሰረሰር ማዕከሉ ናቸው፤ የቀሩት ወደ ዳር የሚዘረጉ መስመሮች ናቸው። ሁሉንም ባንድ ላይ «ሥርዓተ ነርቭ» እንላለን። አእምሮ ግን ሌላ ነው፤ «አእምሮው ደም ፈሰሰበት» አይባልም፣ አንጎሉ ነው።

ነርቭን በአዲስ ቃል እንተካው የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። አልስማማም። ጅማት ብንለው ወጌሻውና ሐኪሙ እንደገና ይምታቱብናል። ሥር ብንለው ከደም ሥር ጋር ይጋጫል። ነርቭን ገበሬውም ባለ ሱቁም ይለዋል፤ ይብቃን።

«ነርቭ አለብኝ» ማለትስ? ሁላችንም አለብን ብሎ የሚቀልድ ይኖራል። ግን «ጨጓራ አለብኝ»፣ «ኩላሊት አለብኝ» የምንል ሰዎች ነን፤ በንግግር ምንም ነውር የለውም። ሲጽፉ «የነርቭ ሕመም» ይበሉ፤ ብዙ ቁጥሩም ነርቮች ነው።