ፍሪጁ መሪ ሆኖ መጣ

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ከዚህ በፊት ለማንም ጽፌ አላውቅም። የሰውን ደብዳቤ ሳነብ «ይሄም ለአደባባይ ይወጣል?» እያልኩ የምስቅ ነበርኩ። አሁን ግን ትዕግሥቴ አልቋል።

የምንኖረው አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ነው። ባለቤቴ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪሻን ነው። ሁለት ልጆች አሉን። ዓመቱን ሙሉ እቁብ ስንጥል የከረምነው ለፍሪጅ ነበር። የአዳማን ሙቀት መቼም ያውቁታል። ጠዋት የሠራሁት ወጥ ማታ ይኮመጥጣል፣ ወተት ከምሳ አያልፍም፣ ውኃው ከጀሪካን ሲቀዳ ሻይ ነው። ጥር ላይ እቁቡ ደረሰን፤ 60 ሺህ ብር። ባለቤቴ «አዲስ አበባ ይረክሳል፣ እኔው ሄጄ አመጣዋለሁ» አለ። ቅዳሜ ማታ በባጃጅ መጣ። ፍሪጅ በባጃጅ እንዴት ገባ ብዬ እየሮጥኩ ወጣሁ። ካርቶን ታቅፎ ወረደ። ሲከፍተው የመኪና መሪና ሦስት ፔዳል።

እትዬ፣ እኛ እኮ መኪና የለንም።

ለካ ከኮምፒዩተር ጋር የሚገጠም ነው። ጨዋታ ስለው ይቆጣል፤ «ሲሙሌተር በይው» ይለኛል፤ እውነተኛ መኪና መንዳትን የሚያስመስል ማለቱ ነው። ስሙ አሴቶ ኮርሳ ነው አለኝ። አቼቶ ያለኝ መስሎኝ «ሰላጣ ልትሠራ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ልጆቹ ሳቁ፤ እኔ ግን አልሳቅኩም።

ከዚያ ወዲህ ቤቴ ቤት አይደለም። ከተገጨ ቪትዝ የነቀለውን ወንበር ብረት አስበይዶ ሳሎን ውስጥ፣ ቡፌው የነበረበት ቦታ ላይ አቆመው። ቡፌው ኮሪደር ላይ ነው። ረከቦት የምዘረጋበት ስለጠፋ ቡና የማፈላው በረንዳ ላይ ሆኗል፤ የአዳማ ንፋስ ደግሞ ሲኒው ላይ አፈር ይነሰንስብኛል። ቀኑን ሙሉ የሰው መኪና ሥር ተኝቶ ይውልና ማታ ገብቶ የሌለ መኪና ይነዳል። መሪው ሲንቀጠቀጥ ጠረጴዛው ላይ ያለው ብርጭቆ ሁሉ ይንጫጫል። መብራት ሲጠፋ እንኳ አይነሳም። ጨለማ ውስጥ መሪውን እንደያዘ «አሁን ይመጣል» ይላል። «ፍሪጁስ?» ስለው «በሚቀጥለው ዕጣ» ነው መልሱ። ጎረቤቴ መጋቢት ላይ ፍሪጅ አስገባች። ለልጆቼ በረዶ የምለምነው ከሷ ነው።

ደግሞ ዕቃ ይጠፋብኛል። እናቴ በእጇ የጠለፈችልኝን የሶፋ ትራስ ሦስት ቀን ፈለግሁ። ለካ ትልቋ ልጄ እዚያ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ከጀርባዋ የምታደርገው እሱን ኖሯል፤ ካለዚያ እግሯ ፔዳሉ ጋ በደንብ አይደርስም። 15 ዓመቷ ነው፣ 9ኛ ክፍል። አባቷ ሲደክመው እሷ ትይዛለች። ሞንዛ የሚሉት የጣሊያን አገር የመኪና መወዳደሪያ ሜዳ አለ፤ እዚያ ላይ በአንድ ዙር በ1.4 ሰከንድ ቀደመችኝ ብሎ ለጓደኛው በስልክ ሲያወራ ሰምቼዋለሁ። ትራሱ ግን ላብ በላብ ሆኖ ጥልፉ ተበላሽቷል። ልጅቷም በመጀመሪያው ሴሚስተር ከክፍሏ 4ኛ የነበረችው አሁን 7ኛ ናት። የሒሳብ ደብተሯ ጀርባ ላይ አንዱን ዙር በስንት እንደጨረሰች፣ ሰዓት ብቻ ነው የተጻፈው።

በፍሪጁ ነገር ሽማግሌ ልልክበት አስቤ ነበር፤ «ለፍሪጅ ሽማግሌ ላከች» እባላለሁ ብዬ ተውኩት። ለፋሲካ አማቴ መጥተው ልጅቷን እዚያ ወንበር ላይ አዩዋት። «ሴት ልጅ መሪ ይዛ ምን ልትሆን ነው?» አሉኝ። ልጃቸውን አልጠየቁም፣ እኔን ነው የጠየቁኝ። መልስ አጣሁ።

ሰፈራችን ፕሌይስቴሽን ቤት ያለው ልጅ መሪውን ከነፔዳሉ በ45 ሺህ እወስዳለሁ ብሎኛል። አርብ ባለቤቴ ለሥራ መተሐራ ይሄዳል። ልሽጠው? ወይም አማቴ የጠየቁኝን እርስዎ ይመልሱልኝ፤ እውነት ግን ልጄ ምን ትሆናለች?

ፍሪጅ ያጣችው፣ ከአዳማ

መልስ

እህቴ፣

የፍሪጁን ነገር ላሳጥረው። ባልሽ አጥፍቷል። የሚቀጥለው ዕጣ በቀጥታ አንቺ እጅ ይገባል፣ ፍሪጁንም ሄደሽ የምትመርጪው አንቺ ነሽ። ቡፌው ወደ ቦታው ይመለስ፤ ኮሪደሩን ወንበሩ ይልመደው። ይህን ለባልሽ ጮክ ብለሽ አንብቢለት። በዚህ ጉዳይ ከዚህ ሌላ የምለው የለኝም።

አሁን ወደ ትራሱ እንሂድ።

ስለ ወተትና ስለ በረዶ ያን ያህል ጽፈሽ፣ ልጅሽ አባቷን መቅደሟን ትራስ ሥር ሸጉጠሽ አለፍሽው። 1.4 ሰከንድ ምን እንደሆነ ላስላልሽ። በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና በ1 ሰከንድ 50 ሜትር ትጓዛለች። ስለዚህ በዚያ ፍጥነት ልጅሽ መስመሩን ስታልፍ አባቷ ገና 70 ሜትር ከኋላዋ ነው። ያውም መኪና ፈትቶ የሚገጥም አባት።

ደብዳቤሽን አንብቤ ዝም ብዬ አልመለስኩልሽም። እንዲህ ያለ ዕቃ ያለው የእህቴ ልጅ ቤት ሄድኩ። 17 ዓመት መኪና ነድቻለሁ፤ አባዱላ ሲያጠብበኝ የምደነግጥ ሰው አይደለሁም። «ሞንዛን ክፈትልኝ» አልኩት። ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነውን ቀጥ ያለ መንገድ እንደ ንግሥት ሄድኩና መጨረሻው ላይ፣ ወደ ቀኝ ከዚያም ወዲያው ወደ ግራ በምትጠማዘዘው ማጠፊያ ጋ ፍሬን ያዝኩ። መኪናዋ መሪውን ከቁብ ሳትቆጥር ቀጥ ብላ ከመንገድ ወጣች። ልጁ ሳቁን ውጦ «ዘግይተሽ ነው የረገጥሽው» አለኝ። ስምንት ጊዜ ሞከርኩ። ስምንቱንም ጊዜ ወጣሁ።

(በነገራችን ላይ በአቼቶው ብዙ አልተሳሳትሽም፤ ቃሉ ሌላ ቢሆንም ቋንቋው አንድ ነው። ጨዋታውን እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጡት ጣሊያኖች ናቸው፤ «አሴቶ» የመኪናው አቋምና ማስተካከያ ነው፣ «ኮርሳ» ውድድር። ባልሽም ጋራዥ ውስጥ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ፍሬቻ ሲል የሚውለው ሳያውቀው ጣሊያንኛ ነው።)

ብርጭቆሽን የሚያንጫጫው ነገር ምን እንደሆነ አሁን ገብቶኛል። መሪው ውስጥ ሞተር አለ። የፊቱ ጎማ አስፋልቱን ቆንጥጦ ሲይዝ መሪው ይከብድሻል፤ ጎማው መንሸራተት ሲጀምር በድንገት እጅሽ ላይ ይቀልልሻል። ቀይና ነጭ የተቀባውን የመንገዱን ጠርዝ ስትረግጪ ደግሞ ይንቀጠቀጣል። ሜዳውን በሌዘር ለክተው ስለሠሩት አስፋልቱ ላይ ያለ እብጠት ሳይቀር መዳፍሽ ላይ ይመጣል። ሌላው ሰውነትሽ ግን ምንም አያውቅም። እውነተኛ መኪና ፍሬን ሲያዝ ደረትሽን ቀበቶው ላይ ይጥለዋል፣ ስትታጠፊ ወደ ጎን ይገፋሻል። ይሄኛው ወንበር ከቦታው አይነቃነቅም። ጎማው ምን እየሆነ እንደሆነ የምታውቂው በመዳፍሽ፣ በጆሮሽና በዓይንሽ ብቻ ነው። እኔ የ17 ዓመት ልምዴ ሁሉ መቀመጫዬ ላይ ኖሯል።

ፈጣን የሚያደርገው ነዳጅ መርገጥ ይመስለኝ ነበር። የእህቴ ልጅ እንዳሳየኝ ግን ሰዓቱ የሚገኘው ፍሬኑ ላይ ነው። መጀመሪያ አጥብቀሽ ትረግጫለሽ፤ ከዚያ መሪውን እየጠመዘዝሽ ሳለ ፍሬኑን እንደ ክር ቀስ እያልሽ ትለቂያለሽ። በአንዴ ከለቀቅሽው ክብደቱ ከፊት ጎማ ላይ ይነሳና መኪናዋ አልታጠፍም ትላለች። ይህን ሥራ ልጅሽ የምትሠራው ትራስ ተደግፋ ነው። ትራስ ደግሞ ይጠቀጠቃል። አጥብቃ ስትረግጥ ጀርባዋ ወደ ትራሱ ይሰምጣል፤ የእግሯ ጉልበት ግማሹ ፔዳሉ ላይ ሲያርፍ ግማሹ የእናትሽ ጥልፍ ላይ ይቀራል። አባቷን የቀደመችው እንዲህ ሆና ነው። ላቡም ከዚህ የመጣ ነው።

ለምን እንደተቆጣሁ ልንገርሽ። አባቴ ላንድሮቨር ነበረችው። ወንድሞቼ ገና 14 ዓመት ሲሞላቸው በየተራ መሪ ሲይዙ እኔ ከኋላ ተቀምጬ ማርሽ ሲቀየር በጆሮዬ እቆጥር ነበር። ታላቄ ሦስተኛን ሁልጊዜ ዘግይቶ ነበር የሚያስገባት። አንድ ቀን «እኔስ?» ብል አባቴ ከልቡ ስቆ «አንቺ ደግሞ ምን ልትሆኚ?» አለኝ። መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት በ46 ዓመቴ ነው፤ አባቴም ባለቤቴም ካለፉ በኋላ። አማትሽ የጠየቁሽ ቃል በቃል ያው ነው። ስለዚህ ከኔ ሚዛናዊ ነገር አትጠብቂ።

ምን ትሆናለች? አላውቅም። ለአማትሽ ግን ቡና እየቀዳሽ የምትነግሪያቸው ላቀብልሽ። ሚሼል ሙቶን የምትባል ፈረንሳዊት እ.ኤ.አ. በ1981 ሳንሬሞ ላይ፣ እዚያው ጣሊያን አገር፣ የዓለም ራሊ ውድድር አሸንፋለች። በዓመቱ በዓለም ሻምፒዮናው 2ኛ ወጣች፤ ከወንዶቹ ጋር በአንድ መንገድ ላይ ተወዳድራ። እንደ ባልሽ ያለ መሪ ላይ ተቀምጠው የጀመሩም አሉ። ኒሳንና ሶኒ በቤት ውስጥ ሲሙሌተር ፈጣኑን እየመረጡ እውነተኛ መኪና ላይ ያስቀምጡ ነበር። የመጀመሪያው አሸናፊ ሉካስ ኦርዶኜዝ የሚባል ስፔናዊ ተማሪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ፈረንሳይ በሚካሄደው የሌ ማን የ24 ሰዓት ውድድር በምድቡ 2ኛ ወጣ። ያን መሰል ዕድል በ19 ዓመቱ ያገኘው ጃን ማርደንቦሮ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 እዚያው በምድቡ 3ኛ ሆነ።

ልጅሽ ሌ ማን ትሄዳለች ማለቴ አይደለም። የመኪና ውድድር የባለገንዘብ ስፖርት ነው፤ ለነዚያ ልጆች ትልልቅ ኩባንያዎች ከፍለውላቸዋል። የምጠይቅሽ ሌላ ነገር ነው። የሒሳብ ደብተሯን ጀርባ ስትገልጪ ከሰዓቱ አጠገብ የጻፈችውን አንብበሻል? የጎማ አየር ስንት እንዳደረገች፣ የትኛው ማጠፊያ ላይ ስንት ሜትር ሲቀራት ፍሬን እንደያዘች ጽፋ ከሆነ፣ ያ ደብተር ከፊቱም ከጀርባውም ሒሳብ ነው። ወንድ ልጅ ቢሆን «አባቱን ወጥቶ መካኒክ ይሆናል» ብለሽ ለጎረቤት ታወሪ ነበር።

7ኛ መውጣቷ ግን ቀልድ አይደለም። ከሰኞ እስከ ሐሙስ የቤት ሥራ ሳያልቅ መሪው አይነካ፣ ካለቀም በኋላ ከግማሽ ሰዓት አይለፍ። ይህ ለባልሽም ይሠራል፤ እራቱን ይጨርስ። ሌላም አለ፣ ይህን ከአባቷ አፍ ትስማው። እዚያ ውስጥ ብትጋጭ አንድ ቁልፍ ተጭና ትመለሳለች። ከቤት ስትወጡ ከጅቡቲ የሚመጣው ተሳቢ በአዳማ በኩል ነው የሚያልፈው፣ እሱን የሚመልስ ቁልፍ የለም። መንጃ ፈቃድ እስክታወጣ የማንንም መኪና መሪ እንዳትይዝ። የጓደኛ ባጃጅም ቢሆን። ሲሙሌተር ላይ ጎበዝ የሆነ ልጅ እውነተኛ መንገድ ላይ አደገኛ የሚሆነው ፍርሃቱን ቤት ትቶት ሲወጣ ነው።

ስለ አርብ። ሳይነግርሽ ገዛው ብለሽ ከጥር ጀምሮ ስትቃጠዪ ከርመሽ፣ አሁን ሳትነግሪው ልትሸጪ ነው? በዚያ ላይ 15 ሺህ ብር ከስረሽ? ለፕሌይስቴሽን ቤቱ ልጅ ዛሬውኑ ደውለሽ እንደማትሸጪ ንገሪው። ነገሩ እኮ ከዚህም ይከፋል። ባልሽ ከመተሐራ ሲመለስ ይጮህ ይሆናል፣ በሦስተኛው ቀን ይረሳዋል። ልጅቷ ግን አትጮህም። ትራሱን አጥባ ሶፋው ላይ ትመልስልሽና ዝም ትላለች። እኔም ዝም ብዬ ነበር።

ትራሱን እንኳ አሁኑኑ ውሰጂው፣ ያንቺ ነው። ቪትዝ ወንበር ከሥሩ በአራት ቡሎን ነው የሚታሰረው። ባልሽ በራሱ ቁመት ለክቶ አሳስሮታል። ዛሬ ማታ ይፍታውና ልጅቷን አስቀምጦ፣ ፍሬኑን እስከ መጨረሻ ስትረግጥ ጉልበቷ ትንሽ ታጥፎ እስኪቀር ድረስ ወደ ፊት አምጥቶ ይሰረው። እሱ ሲነዳ ይጥበበው።