የአንባቢያን ጥያቄ፦ የዘንዶ ቅርፊት በኮምፒውተር ኬዝ ላይ

ጥያቄ፦ የኮምፒውተሬን ኬዝ የዘንዶ ቅርፊት ለማስመሰል በስፕሬይ ቀባሁት፤ ቀለሙ ግን እየተላጠ ነው። ምን ላድርግ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ የሚላጠው በለስላሳው የፋብሪካ ቀለም ላይ ስለረጩት ነው። የጎን ክዳኑን ፈትተው በ240፣ ቀጥሎ በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉት፤ በአልኮል ጠርገው ፕራይመር (ቀለሙ እንዲይዝ ከሥር የሚረጭ መነሻ ቀለም) ይርጩ። ክዳኑ የሚገጥምበትን ጠርዝ አስቀድመው በፕላስተር ይሸፍኑ፤ ቀለም ከወፈረበት አይገባም። ጥቁር አረንጓዴ መደብ ይቀቡና 24 ሰዓት ያድርቁት።

ቅርፊቱን አሳምሮ የሚያወጣው የጣና አሳ አጥማጆች የተዉት አሮጌ መረብ ነው፦ ታጥቦ የደረቀ፣ ዓይኑ ጠበብ ያለ። ዓይኖቹ ሾጠጥ እንዲሉ ወጥረው ክዳኑ ላይ ይሰሩት፤ ወርቃማውን ቀለም ከ25 ሳንቲሜትር ርቀት፣ በስሱ፣ ሁለት ጊዜ ይርጩ። መረቡ ከብረቱ ከራቀ መስመሩ ይደበዝዛል። ሐምሌና ነሐሴን ቢያሳልፉት ይሻላል፤ የሐይቁ ዳር እርጥበት ቀለሙን ያደበዝዘዋል።