ሥሮቹን ሳይፈልጉ የኃይላቸውን ድምር ስለማወቅ፦ ለሒሳብ ተማሪዎች

ውድ ልጆቼ፣

ሰሞኑን እዚህ ሐዋሳ አንዲት ተማሪ የሸ³ − ሸ − 1 = 0 ሥሮችን፣ ማለትም እኩልታውን እውነት የሚያደርጉትን የሸ ዋጋዎች፣ በስልኳ አውጥታ መጣች። አንዱ 1.3247 ገደማ ነው፤ ሁለቱ ኮምፕሌክስ (የኔጋቲቭ ቁጥር ካሬ ሥር ያለባቸው) ናቸው። ሦስቱንም ወደ አምስተኛ ኃይል አሳድጋ ስትደምር ውጤቱ 5 ሆነባትና «እንዲህ የተዘበራረቁ ቁጥሮች እንዴት ድፍን ቁጥር ይሰጣሉ?» ስትል ጠየቀችኝ።

ጥያቄዋ በሁለተኛ ደረጃ አጠገቤ ይቀመጥ የነበረን አንድ ልጅ አስታወሰኝ። መምህራችን የሸ² − 5ሸ + 3 = 0 ሥሮች የካሬያቸውን ድምር እንድናገኝ አዝዘውን፣ ሁላችንም ከሥሮቹ ድምር ካሬ ከ25 ላይ የብዜታቸውን እጥፍ 6 ቀንሰን 19 ብለን ስንጨርስ እሱ አላቆመም። የሦስተኛውን ኃይል ድምር በረጅሙ መንገድ ዘርዝሮ 80 ካገኘ በኋላ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ጽፎ ሲመለከታቸው ቆየና፣ 80 ማለት 5 ጊዜ 19 ሲቀነስ 3 ጊዜ 5 መሆኑን አየ። በዚያው ስልት ከ5 ጊዜ 80 ላይ 3 ጊዜ 19 ቀንሶ ለአራተኛው ኃይል 343 ጻፈ። ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ሊያሳየን ሲጀምር መምህሩ «ፈተና ላይ አይመጣም» ብለው በዳስተር አጠፉት። ልጁ ተመልሶ ደብተሩን ዘጋ፤ ከዚያ ወዲያ ያን ጉጉት አላየሁበትም። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነገሩ በኒውተን ስም የሚጠራ ሕግ መሆኑን ሳውቅ ልነግረው ብፈልግም ያለበትን የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የሕጉ ምክንያት ሩቅ አይደለም። በተማሪዋ እኩልታ እያንዳንዱ ሥር ሸ³ = ሸ + 1ን ያሟላል፤ ሁለቱንም ወገን በሸ² ብናባዛ ሸ⁵ = ሸ³ + ሸ² ይሆናል፤ ይህንን ለሦስቱም ሥሮች ጽፈን ስንደምር የአምስተኛው ኃይል ድምር የሦስተኛውና የሁለተኛው ድምሮች ድምር ሆኖ ይወጣል፣ ማለትም 3 + 2። መነሻዎቹ 0፣ 2 እና 3 ደግሞ ከኮኤፊሸንቶቹ፣ ማለትም በእኩልታው ውስጥ ካሉት ቋሚ ቁጥሮች፣ ብቻ ይገኛሉ፤ ኮኤፊሸንቶቹ ድፍን ከሆኑና መሪው (የትልቁ ኃይል ኮኤፊሸንት) 1 ከሆነ ድምሮቹም ሁልጊዜ ድፍን ናቸው። አልበርት ዢራር እስከ አራተኛው ኃይል ያለውን በ1629 እ.ኤ.አ. አሳትሟል፤ የኒውተን አጠቃላይ ደንብ በ1707 ታትሟል።

የዛሬ ልጆች መልሱ ስልክ ላይ ከወጣ ጉዳዩ የተዘጋ ይመስላችኋል፤ ይህ ያሳስበኛል። ቀመር አትሸምድዱ እላለሁ፤ ሆኖም በኒውተን ደንብ ውስጥ የመደመርና የመቀነስ ምልክቶቹን መፈራረቅ፣ እንዲሁም ኃይሉ ከፖሊኖሚያሉ ዲግሪ (ከትልቁ የሸ ኃይል) እስካልበለጠ ድረስ የመጨረሻው ኮኤፊሸንት በኃይሉ ቁጥር መባዛቱን ተማሪዎቼን በቃል አስይዛለሁ፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚያ ነውና።

የተማሪዋን ድምሮች ከአምስተኛው ኃይል ጀምሮ በእጃችሁ ቀጥሉ፦ 5፣ 5፣ 7፣ 10፣ 12፣ 17፣ 22። የሰባተኛው ኃይል ድምር 7 ነው፤ የአስራ አንደኛው ኃይል 22 ደግሞ ለ11 ይካፈላል። ኃይሉ ፕራይም ቁጥር በሆነ ጊዜ ሁሉ ድምሩ ለዚያ ቁጥር ይካፈላል፤ ይህም የተረጋገጠ ነው። ተገላቢጦሹስ፣ ድምሩ ለኃይሉ ቁጥር ከተካፈለ ቁጥሩ የግድ ፕራይም ነው? ፈረንሳዊው ፔሪን በ1899 ጠይቆታል፤ እውነት አለመሆኑን የሚያሳየው ትንሹ ቁጥር 271441 ሲሆን፣ እሱም የ521 ካሬ ነው፤ የተገኘው በ1982 ነው።